ሚጣ ካላጎረሷት አትበላም

ሳህኑ ዛሬም እንደሄደ ተመለሰ። የተቀቀለው ስኳር ድንች አልተነካ፣ ካሮቱ አልተገመሰ፣ ሙዙ ከነልጣጩ ቁጭ ብሏል። ዶክተር ሳምራ ሳህኑን አየች። ከዚያ ሚዛኑን አየች። ከዚያ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ተዘርፍጣ የገዛ እግሯን ጣቶች የምትመረምረውን ሚጣን አየች።

«ዙሌ፣ ይቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ ከሳህኗ አንድ ነገር ቀምሳ አታውቅም፤ አይደል?»

«አታውቅም ዶክተር።»

«ታዲያ ኪሎ የጨመረችው ምን በልታ ነው?»

ዙለይኻ ሽርጧን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን መልሳ አበላሸችው። «አየሩ ይሆናል፣» አለች። «የአቃቂ አየር ለሕፃን ይስማማል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ወዲያው የአቃቂ አየር ከፋብሪካዎቹ ወገን ጭሱንና የተቃጠለ ጎማ ሽታውን ይዞ በመስኮት ገባ። ዶክተር ሳምራ እስክትታፈን አሳላት። ሚጣ እንኳ በእጇ አፍንጫዋን ሸፈነች።

ሚጣ የሰው ልጅ አይደለችም፤ ቺምፓንዚ ናት። ሌቦች ከሩቅ አገር ጫካ ከእናቷ ነጥቀው ሳጥን ውስጥ ከተቷት፤ ሳጥኑ ላይም «የመኪና መለዋወጫ» ብለው ጽፈው በአውሮፕላን ጫኗት። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስትቀይር ግን መለዋወጫው አለቀሰ። ፈታሾቹ ከፍተው ሲያዩ፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ አንዲት ጥቁር ሚጢጢ ፍጡር ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ወዲህ ነው ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ ወዳለው፣ ድሮ የዶሮ እርባታ ወደነበረው፣ አሁን ግን ከሌባና ከሰንሰለት የተረፉ ቺምፓንዚዎች ወደሚጠለሉበት ግቢ የመጣችው።

ግቢው ውስጥ ከእሷ ቀድመው የገቡ ሁለት ነበሩ። አንዷ እመቤት ትባላለች። አንድ ሀብታም ቤት በሰንሰለት ታስራ እንግዳ ስታስቅ የኖረች አሮጊት ናት፤ አሁን በተራዋ ማንም ቢያስቃት አትስቅም። ሁለተኛው ሻምበል ነው። ስሙን ያወጡለት ዘበኛው ጋሽ ቃልቤሳ ናቸው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩና፣ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ገና በመጀመሪያው ቀን አይተውት፣ «ሻምበሌን ቁርጥ! ይሄ ሰውዬ እዚህም ተከትሎኝ መጣ?» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና።

ጋሽ ቃልቤሳ ይህን መሬት ከማንም በላይ ያውቁታል። «ይሄ ሁሉ የአባቴ ጤፍ ማሳ ነበር፣» ይላሉ። «አባቴ ዕድሜ ልኩን ከማሳው ዝንጀሮ ሲያባርር ኖረ። እኔ እዚያው ማሳ ላይ ዝንጀሮ እየጠበቅሁ ደመወዝ እበላለሁ። ከመቃብር ቢነሳ መጀመሪያ የሚያባርረው እኔን ነው።»

«ዝንጀሮ አይደሉም፤ ቺምፓንዚ ናቸው፣» ትላቸዋለች ዙለይኻ ሁልጊዜ።

«እሱን ለአባቴ ንገሪው።»

ዙለይኻ እዚህ ከመግባቷ በፊት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ሙዝና ብርቱካን ትሸጥ ነበር። የወራቤ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከስለት ይፈጥናል፤ ገና በሩቅ አይታ የበሰለ ፓፓያና የበሰለ መስሎ የሚያታልል ፓፓያ ትለያለች። ስትቀጠር ዶክተር ሳምራ ብዙ ነገር ነግራታለች። ከሁሉ በላይ ግን አንዱን ደጋግማ ነግራታለች፦ ማጉረስ ክልክል ነው። እንስሳው በገዛ እጁ አንስቶ ይብላ። ሰው ያጎረሰው ቺምፓንዚ ሰውን ብቻ ሲያይ ይኖራል፤ ከወገኖቹ ጋር አይላመድም። «እሺ፣» አለች ዙለይኻ። ከልቧም ነበር። ሚጣ ግን ያኔ አልመጣችም።

ሚጣ እንደመጣች ለምግብ ፊቷን ሰጥታ አታውቅም። ሙዝ ቢያስቀምጡላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ለውዝ ቢበትኑላት ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ከሰዓት በኋላ ዙለይኻ አላስችል ብሏት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ስኳር ድንቹን ከሙዝ ጋር በጣቷ ፈጨት፣ ጠቅለል፣ ድብልብል አደረገችው።

«በሞቴ፣» አለቻት።

ሚጣ ፊቷን አላዞረችም።

«አፈር ስሆንልሽ። አንዲት ብቻ። እናትሽ ብትኖር አንቺ እንዲህ ስትሆኚ ዝም ትል ነበር?»

ያቺ የተጨማደደች ከንፈር ትንሽ ተላቀቀች። ዙለይኻ የት ይጠፋታል፤ በዚያች ቀዳዳ ጉርሻዋን ላከችው። ሚጣ አላመጠች፤ ዋጠች። ከዚያ ቀና ብላ አፏን እንደ ሌማት ከፈተችው።

በቃ፤ ያ አፍ ከዚያ በኋላ አልተዘጋም። ሚጣ ሳህን የሚባል ነገር ለጌጥ የተቀመጠ ይመስላታል። ምግብ ማለት ሰው መጥቶ፣ «በሞቴ» ብሎ፣ ጠቅልሎ የሚያጎርሰው ነው። ሌላው አይመለከታትም።

ይኼን ሁሉ ዶክተር ሳምራ አታውቅም። ወይም አታውቅም ብላ ዙለይኻ ታምናለች።

«እንግዲህ ስሚኝ፣» አለች ዶክተር ሳምራ ሳሏ ሲለቃት። «ሐሙስ በሩን ከፍቼ ከእመቤትና ከሻምበል ጋር አቀላቅላታለሁ። እነሱ ፊት በራሷ እጅ አንስታ ከበላች፣ እሰየው፤ እዚሁ ታድጋለች። ካልበላች ግን አብረው ሊኖሩ አይችሉም፤ እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚያባብላት የለም። ብቻዋን ለዕድሜ ልክ አንድ ክፍል ልቆልፍባት ደግሞ አልችልም። ውጭ አገር ያለ የእንስሳት ማሳያ እንውሰዳት ብሎኛል። የመስታወት ክፍል አላቸው።»

«በምን ነው የምትሄደው?»

«በአውሮፕላን ነዋ።»

«አውሮፕላኑ ላይስ በምን?»

ዶክተር ሳምራ እስክሪብቶዋን ከፈተች፤ ዘጋች። «በሳጥን፣» አለች።

ዙለይኻ ሚጣን አየቻት። ይቺ ልጅ የብስኩት ካርቶን እንኳ በበር ሲገባ ካየች ጣሪያ ላይ ወጥታ እስኪወጣ ድረስ አትወርድም። ሳጥን!

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዙለይኻ ጉርሻ አቆመች። ምግብ ታቀርባለች፤ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሚጣ በሽቦው በኩል እጇን አሾልካ ሻሿን ትጎትታለች። ዙለይኻ ትነሳለች። ሚጣ ዞራ ከፊቷ ትመጣና አፏን ትከፍታለች። ዙለይኻ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሚጣ የዙለይኻን ሽፋሽፍት በጣቷ ገለጥ አድርጋ አፏን ታሳያታለች።

«አላየሁም፣» ትላለች ዙለይኻ። «ዕውር ነኝ። ሂጂ ከሳህንሽ ብዪ።»

ማታ ግን ቤቷ ገብታ እራት አልበላ አላት፤ ልጅ ጦሟን አሳድሮ የሚበላ ምን ዓይነት ሰው ነው?

በማግስቱ ሳህኑ ሙሉውን ተመለሰ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ዙለይኻን ያስገረማት ሌላ ነገር ነበር። ሚጣ አልከሳችም። ጭራሽ ቦርጯን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ታወዛውዛለች። የራበው ሰው እንዲህ አይዝናናም። ዙለይኻ ጠጋ ብላ አየቻት። ከንፈሯ ያብረቀርቃል። አሸተተቻት። ቅቤ!

ምሳ ሰዓት ላይ ዙለይኻ ወደ ቤቷ የምትሄድ መስላ በበሩ ወጣች፤ በጓሮ ዞራ ተመልሳ ገባች። ጋሽ ቃልቤሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ሽቦው ሥር ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ላስቲክ ተዘርግቷል፤ ላስቲኩ ላይ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አለ። አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ በሽቦው ቀዳዳ።

«ጋሽ ቃልቤሳ!»

«የለሁም፣» አሉ ዞር ሳይሉ።

«እርስዎም?»

«እኔም ምን?»

«ያጎርሷታል!»

«ማን? እኔ? እጄን ዘርግቼ ሳለሁ እሷ ናት አፏን ያመጣችው።»

«ደግሞ በቅቤ!»

«ለጋ ነው። ምንም አያደርጋት።»

«ጋሽ ቃልቤሳ፣ ቀልዱን ይተዉት። ሐሙስ በራሷ እጅ ካልበላች በእርስዎ ጭኮ ምክንያት በሳጥን ልትጫን ነው።»

ሽማግሌው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ለእሳቸው ይህን የነገራቸው የለም። ሚጣ አየር ላይ የቀረውን እጅ በከንፈሯ እየተከተለች ዝቅ ከፍ ስትል፣ እሳቸው ላስቲኩን ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

«በዚያው በመጣችበት?»

«በዚያው ዓይነት።»

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰው አፉን ከፍቶ ፊቴ ቁጭ ብሎ ብቻዬን ልብላ? እንደዚያ ተደርጌ አላደግሁም። ደግሞ ያስለመድሻት አንቺ ነሽ! መጀመሪያ ቀን በመስኮት አይቼሻለሁ። ‹በሞቴ፣ በሞቴ› ስትዪ።»

ሁለቱም ከእንግዲህ ላያጎርሱ ተማማሉ፤ እሷ በአላህ፣ እሳቸው በአባታቸው ማሳ። ሚጣ መሐላውን አዳምጣ ስታበቃ አፏን ከፈተች። ሁለቱም ሸሹ።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኑ ሙሉ፤ ሚጣ ደግሞ ታላምጣለች። ታላምጥና ታላምጥና፣ ፕት! የሆነ ነገር ተፍታ ዙለይኻ ጫማ ላይ አሳረፈችው። የተምር ፍሬ ነበር።

«ጋሽ ቃልቤሳ!»

«በአባቴ ማሳ!» ብለው መጡ እየሮጡ። «ደግሞ ተምር የኔ ነው? ተምርስ ያንቺ ወገን ምግብ ነው!»

«ረመዳን ገና ነው! ተምር ገዝቼ ለማን አስቀምጣለሁ?»

ተያዩ። ግቢው ውስጥ ሦስተኛ ሰው አንዲት ብቻ ናት።

ዶክተር ሳምራን ያገኟት ከሰዓት በኋላ፣ ከሚጣ ቤት በስተጀርባ፣ ነጭ ጋዋኗን ጭቃ እንዳይነካው ሰብስባ ቁጢጥ ባለችበት ነው። ከኪሷ ተምር ታወጣለች፤ ግራ ቀኝ ታያለች፤ ሽቦው ላይ ለጠበቃት አፍ ትሰጣለች።

«ዶክተር፣» አለች ዙለይኻ።

ዶክተር ሳምራ ተነሳችና ጭንቅላቷን ከቆርቆሮው ጋር አጋጨች። «የሆድ ትል መድኃኒት ነው!» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ኪኒኑን ተምር ውስጥ ነው የምደብቀው። ሕክምና ነው። ጉርሻ አይደለም።»

«እጅሽ የት ነው ያለው?»

ዶክተር ሳምራ እጇን አየችው። «አፏ ውስጥ።»

«ታዲያ ይኼ በሕክምና ምን ይባላል?»

ጋሽ ቃልቤሳ ሳቃቸውን በካፖርታቸው አንገትጌ ውስጥ ቀበሩት። ዙለይኻ ግን አልለቀቀቻትም። «የትል ኪኒን ስንቴ ነው የሚሰጠው?»

«አንዴ።»

«ከአንዴው በኋላ ያለው ተምርስ?»

ዶክተር ሳምራ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ትለምናለች እኮ ዙሌ፣» አለች በቀጭን ድምፅ። «አፏን እንዲህ ስታደርገው አይተሻት የለም?»

ሚጣ በመሐል ቤት የቀረውን ተምር ከዶክተሯ መዳፍ በከንፈሯ አነሳችው። ሳህኑ ሳይነካ ኪሎው የጨመረበት ምሥጢር ይኸው ሦስት ሆኖ ቆሟል፤ እያንዳንዱም ‹ደብቄ የምሰጣት እኔ ብቻ ነኝ፤ ትንሽ አትጎዳም› ሲል ከርሟል።

«እንግዲያው ሐሙስ ይቅር፣» አለች ዙለይኻ። «ጥፋተኞቹ እኛ ነን፤ እሷ ምን አጠፋች?»

ዶክተር ሳምራ ራሷን ነቀነቀች። «እኛን ማታለል ይቻላል፤ ሻምበልን አይቻልም። እዚያ ስትገባ ወይ ትበላለች ወይ አትበላም። ቀኑን ባሳልፈው እኛ ደግሞ ዛሬም ነገም እናጎርሳለን። ራሴን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች፤ ባጃጆቹ ከአጥሩ ውጭ እንደ ወትሯቸው ይንጫጫሉ። ዶክተር ሳምራ ሕጉን አወጀች። በሩ እንደተከፈተ ሦስቱም ጀርባቸውን ለሽቦው ሰጥተው ይቆማሉ። ሚጣ ፊታቸውን ካላየች አትለምንም። ማንም ዞር አይልም። ሐኪም ግን ማየት አለበትና፣ እሷ ብቻ ከቦርሳዋ ትንሿን መስተዋት አውጥታ በትከሻዋ በኩል ትመለከታለች፤ የምታየውንም ትነግራቸዋለች። ጠብ ከከፋ ብላ የውሃውን ጎማ እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

ዙለይኻ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አንድ ድብልብል ስኳር ድንች ይዛለች። ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። ጠዋት ስትልጥ እጇ በራሱ ጊዜ ጠቀለለው።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ሳምራ መስተዋቷን አነሳች።

«ገባች... ሳህኗ ፊት ተቀመጠች... አየችን።»

«ምን አደረገች?»

«አፏን ከፈተች። ለጀርባችን።»

«ማጅራቴ ላይ ይታወቀኛል፣» አሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

«ዝም በሉ... አሁን ተነሳች። ወደ እመቤት ሄደች። እመቤት አሸተተቻት። ጸጉሯን አሸተተች። እግሯን አሸተተች... አፏን ከፈተችላት።»

«ለእመቤት?» ዙለይኻ ትንፋሿ ተቆረጠ። «ታዲያ?»

«እመቤት አፏ ውስጥ እያየች ነው። በደንብ እያየች ነው። ጥርስ የምታክም ትመስላለች። አሁን... ኧረ! አገጯን በጣቷ ከፍ አድርጋ ዘጋችላት!»

ጋሽ ቃልቤሳ በታፈነ ሳቅ ተንከተከቱ። ዙለይኻ በክርኗ ጎሰመቻቸው።

«ተመልሳ ሳህኗ ጋ ተቀመጠች። አሁንም አልነካችውም። ሻምበል እየመጣ ነው።»

«እንዴት ነው አረማመዱ?» አሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

«ደረቱን ነፍቶ።»

«አለቀልን።»

«ሳህኗን ወሰደ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እየበላው ነው። ስኳር ድንቹን። ካሮቱን። እሷ አፏን ከፍታ ታየዋለች። አንድ በጎረሰ ቁጥር ትጠጋለች።»

«አላጎረሳትም?»

«ሻምበል? ለራሱም አልበቃው።» ከዚያ ዶክተር ሳምራ መስተዋቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምን ሆነ? ተናገሪ እንጂ!»

መልስ አልመጣም፤ ጩኸት መጣ። የግቢው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ፣ የአጥሩ ቁራዎች እስኪበተኑ የሚያስተጋባ የሚጣ ጩኸት። መስተዋቷ ከዶክተር ሳምራ እጅ አመለጠች። ዙለይኻ አካሏ ሁሉ ወደ ሽቦው ተሳበ። እጇ ኪሷ ገብቶ ድብልብሉን አውጥቷል። አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዞር ብላ በቀዳዳው ብታጎርሳት ጩኸቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ያን ብታደርግ ግን ሚጣን በገዛ እጇ ሳጥን ውስጥ መክተቷ ነው። እግሯን መሬት ላይ ተከለችው። እጇ ግን አንዴ ተነስቷል፤ የተነሳ ጉርሻ ደግሞ ሳይጎረስ አይመለስም። በዚያው ቅጽበት ዶክተር ሳምራ ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ዙለይኻ ድብልብሉን እስከ መጨረሻው አስገባችላት።

«እምምም!» አለች ዶክተር ሳምራ።

ጩኸቱ ቆመ። ከሽቦው ውስጥ የሚሰማው ማላመጥ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ሕጉም መሐላውም ተረሳ፤ ሦስቱም ዞሩ።

ሻምበል መሬት ላይ ተቀምጦ መዳፉን ይመለከታል። ባዶ መዳፍ። ገልብጦ አየው፤ በዚያኛውም በኩል ምንም የለም። እንዲህ ያለ ድፍረት በሕይወቱ የገጠመው አይመስልም። ሚጣ የመወጣጫው እንጨት ጫፍ ላይ ወጥታለች። በአንድ እጇ ስኳር ድንች፣ በሌላው ሙዝ፣ በአንዱ እግሯ ደግሞ ካሮት ጨብጣለች። ጉንጮቿ ሁለቱም ተወጥረዋል። እየበላች ታጉረመርማለች፤ እያጉረመረመች ትበላለች። በገዛ እጇ! ሰው ሲያጎርሳት አንድ ልጅ ነበረች፤ የራሷን ሲበሉባት ግን ሌላ ልጅ ሆነች። እመቤት ከታች ሆና ስታያት ቆየችና፣ ቀስ ብላ ተነስታ በሻምበልና በእንጨቱ መሐል ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሻምበል ሊያልፋት አልሞከረም።

«በላች!» ዙለይኻ ዘለለች። «ዶክተር፣ አየሻት? በእጇ! ትቀራለች አይደል? ትቀራለች በዪኝ!»

ዶክተር ሳምራ አንድ ጣቷን አነሳች። ጉርሻው የዙለይኻ ነው፤ የዙለይኻ ጉርሻ ደግሞ ለሰው አፍ አይደለም የተለካው። ታላምጣለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አሁንም ጣቷን አንስታለች።

«ነቅንቂ ብቻ! እሺ ከሆነ ነቅንቂ!»

መነቅነቅም አልቻለችም፤ ብትነቀንቅ ትታነቃለች።

«ውሃ አምጪላት፣ ልትሞት ነው ሴትዮዋ!» አሉ ጋሽ ቃልቤሳ። «ፍርዱን ሳትነግረን ብትሞት ማንን እንጠይቃለን?»

ዙለይኻ የውሃውን ጎማ አነሳች። ዶክተር ሳምራ ጎማውን ስታይ የቀረውን በአንዴ ዋጠችው። ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ተነፈሰች።

«ጨው የለውም፣» አለች።

«ዶክተር!»

«ቺምፓንዚ ጨው አይበላም፤ አውቃለሁ፤ ለነገሩ ነው።» ዓይኗን ጠረገች። ከጉርሻው ይሁን ከሌላ አልታወቀም። «ትቀራለች። ዛሬውኑ ደውዬ ‹ልጅቷን አንልክም› እላቸዋለሁ።»

ዙለይኻ ሻሿን ከራሷ ላይ አውልቃ ወረወረች። ጋሽ ቃልቤሳ በአፋቸው እልል አሉ፤ ወንድ እልል አይልም ያላቸው አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰሙትም። ከዚያ ዙለይኻ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ «ሚጣ! ሚጣዬ! የኔ ጀግና!» ብላ ተጣራች።

ሚጣ ዞር ብላም አላየቻትም። ሻምበል የረሳት አንዲት ካሮት ሣሩ ውስጥ አይታ፣ ቀድሞ እንዳይደርስባት እየተጣደፈች ትወርድ ነበር።